አብርሆት ያልገለጠችው ገጽ

አብርሆት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታቸው ውስጥ አራት ሰዎች አሉ፤ እናቷ ወርቅውሃ፣ አባቷ ንጉሡ፣ እሷ ራሷና ገና ሦስት ወሩ የሆነው ወንድሟ ዕዝራ። ትምህርት ቤት አቢ ይሏታል። ቤትም አቢ ይሏታል። ሙሉ ስሟ የሚጠራው ስታጠፋ ብቻ ነው። እናንተ ቤትስ እንደዚያ አይደለም?

ይህች ልጅ ጥያቄ አያልቅባትም። ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ሲቀር የትኛው ፎቅ ላይ ያድራል? ሕፃን ልጅ የሚያዛጋው ምን ሰልችቶት ነው? ቤተ ክርስቲያናቸው ያለው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ እሑድ እሑድ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ ትልቁን የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ እስኪሻገሩ ድረስ አብርሆት ሃያ ጥያቄ ጠይቃ ታበቃለች። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ነው የሚውለው። እሑድ ደግሞ መኪናውን እየነዳ የእሷን ጥያቄ ይመልሳል፤ ቢደክመውም ተቆጥቷት አያውቅም።

መጠየቅ መልካም ነገር ነው፤ ልጆች፣ ጠይቁ። የአብርሆት ችግር ሌላ ነበር። መልሱን እስከ መጨረሻው አትሰማም። ግማሹን እንደ ሰማች ብድግ ብላ ለሰው ልትነግር ትሮጣለች።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አብርሆት ለመጀመሪያ ጊዜ መጾም ጀመረች። እንደ ትልልቆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ሳይሆን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ መተው ብቻ ነው። "ብቻ" ማለቴን ይቅር በሉኝ፤ ቀላል አይደለም። ዓርብ ዓርብ የትምህርት ቤቱ ምሳ ፒዛ ነው። ጓደኞቿ ቺዙን እየለጠጡ ሲበሉ እሷ ከቤት ያመጣችውን ሩዝ በምስር ትበላለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ክፋቱ፣ ጎበዝ መሆኗን ከሁሉ በፊት ያወቀችው እሷ ናት።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ መምህር ለገሰ ይባላሉ። አንድ እሑድ ለልጆቹ ሥራ ሰጡ። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ጾም ከዚህ በፊት ማንም ያልሰማውን አንድ ነገር ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዙ። ከሁሉ የሚያስደንቀውን ያመጣ ልጅ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ፣ በወላጆች ፊት ቆሞ ይናገራል። ማቲ የሚባለው ልጅ ወዲያው ግመል ውኃ ሳይጠጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ አምጥቶ እንደሚያሸንፍ ፎከረ። አብርሆት ግን በልቧ ግመሉን የሚያስንቅ ነገር መፈለግ ጀመረች።

እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሳምንት የአብርሆት ክፍል ዋሽንግተን ወዳለው ዙ፣ የዱር እንስሳት ወደሚጎበኙበት ቦታ፣ ሄደ። ዝሆኑንም ፓንዳውንም አይተው አንድ የውኃ ገንዳ ጋ ደረሱ። ከውኃው ውስጥ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጺማም እንስሳ ብቅ አለና ክንፍ በሚመስሉ ሰፋፊ እግሮቹ እየተጎተተ ድንጋይ ላይ ወጣ። ከዚያ እንደ ውሻ ጮኸ። ስሙ የባሕር አንበሳ ነው ተባለ። አብርሆት አፏን ከፍታ ቀረች። አንበሳ ከሆነ ጋማው የት አለ? ዓሣ ከሆነስ እነዚያ የቡና ፍሬ የሚያካክሉ ጆሮዎች ምን ያደርጉለታል? እንስሳቱን የምትንከባከበው ሴትዮ ዓሣ እንዳልሆነ፣ ደቦሉን ወልዶ ወተት የሚያጠባ እንስሳ እንደሆነ ነገረቻቸው። የሚያጠባ ሲባል አብርሆት ዕዝራን አሰበች። በማግስቱ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ስለ ባሕር አንበሳ የተጻፈ መጽሐፍ ተዋሰች።

መጽሐፉን የከፈተችው በዕረፍት ሰዓት ነው። እንዲህ ይላል። የባሕር አንበሳ እናት በባሕሩ ዳርቻ፣ ድንጋይ ላይ ትወልዳለች። ከወለደች በኋላ ሳምንት ያህል ከደቦሏ አጠገብ ንቅንቅ አትልም። ዓሣ ለማጥመድ ወደ ባሕር አትገባም። እያጠባች ፋስት ታደርጋለች።

አብርሆት ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በደንብ ታውቀዋለች። ፒዛ እምቢ ስትል ለክፍሏ ልጆች የምትነግራቸው ቃል ነው። ጾም ማለት ነው። እንግዲህ እንስሳም ይጾማል ማለት ነው፤ ያውም ወልዳ የምታጠባ እንስሳ! ልቧ በደስታ ዘለለ። የማቲ ግመል አለቀለት። በዚህ መሐል ደወል ተደወለ፤ ገጹ ገና ግማሽ ላይ ነበር። መጽሐፉን ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። የእኛም አብርሆት ቀንዱን ነክሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትገባ እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ዕዝራን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላ እጇ የተቀቀለ እንቁላል ትበላ ነበር። አጠገቧ አንድ ብርጭቆ ወተት አለ። አብርሆት ይህን በየቀኑ ታየዋለች። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ እንቁላሉ ላይ ተተከለ። ለምን እንደማትጾም ጠየቀቻት። እናቷ ሳትቆጣ መለሰችላት፤ የንስሐ አባታቸው ልጅሽን እስክታጠነክሪ ብዪ ብለዋት ነው፤ ለምታጠባ እናት ተፈቅዷል። አብርሆት እንደ ልማዷ ግማሹን ሰማችና አቋረጠቻት።

"ማሚ፣ የባሕር አንበሳ እንኳን ወልዳ ትጾማለች። ሲሪየስሊ። መጽሐፍ ላይ አለ።"

ወርቅውሃ ፈገግ አለች። በእጇ የቀረውን ግማሽ እንቁላል ግን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

እሑድ ደረሰ። መምህር ለገሰ የልጆቹን ሁሉ ሰሙና አብርሆትን መረጡ። ማቲ ኩርፍ ብሎ ተቀመጠ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሰው ሞልቶት ሳለ አብርሆት ወንበር ላይ ቆማ ስለ ባሕር አንበሳ ተናገረች። ስለ ጺሙ፣ ስለ ጆሮው፣ በመጨረሻም ወልዳ ስለምትጾመው እናት። ሰዎቹ ተደነቁ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "የእግዚአብሔር ሥራ" አሉ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ።

ጭብጨባ ክፉ ጣፋጭ ነው፣ ልጆች። አንዴ ከቀመሱት ይጨመርልኝ ያሰኛል። አብርሆትም ከወንበሩ መውረድ ሲገባት አልወረደችም። ሌላ ምን ብናገር ያጨበጭቡልኛል ብላ አሰበች፤ ደግሞ ብዙም አላሰበችም።

"እኔም እየጾምኩ ነው፤ ፒዛ ራሱ አልበላም። እናቴ ግን እንቁላል ትበላለች።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንዳንዱ ሣቀ። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ ወርቅውሃን ፈለጋት። ወርቅውሃ ከበሩ አጠገብ ዕዝራን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። የዚያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበ አልነበረም።

መምህር ለገሰ ደነገጡ። አብርሆትን ከወንበሩ ላይ አወረዷትና ዝቅ ብለው፣ የባሕር አንበሳዋ ከሳምንቱ ጾም በኋላ ምን እንደምትሆን ጠየቋት። አብርሆት አላወቀችም። እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሯትና መጽሐፉን ጨርሳ እንድታመጣላቸው ለመኗት። ለሕዝቡም አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ የማዕድ ጸሎት ተጀመረ፤ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታቸው ውስጥ እንቁላል አልተቀቀለም። ወርቅውሃ ጠዋት ቁርስ አትበላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። ለማንም ምንም አልተናገረችም። ንጉሡ ሌሊት ወጥቶ ማታ ስለሚገባ አላየም። ቀጥሎ ያለውን እሑድ ደግሞ ሥራ ገብቶ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። መጽሐፉም በአብርሆት ቦርሳ ግርጌ፣ ከሒሳብ ደብተሯ ሥር ተረስቶ ከረመ።

ዕዝራ ግን መለወጥ ጀመረ። ድሮ ጠብቶ ጠብቶ እንደ ሰከረ ሰው ክልትው ይል ነበር። አሁን ትንሽ ይጠባና ይተወዋል፤ ያለቅሳል፤ እንደገና ይጠባል፤ እንደገና ያለቅሳል። አብርሆት ምን ሆኖ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ምላሱን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ የእግሩን ጣቶች ቆጠረች። ሁሉም በቦታው ነው።

በዐሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ዊተን ወዳለው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ነርሷ ሚዛን ላይ አስተኛችው። ቁጥሩን አየች፤ አንሥታ መልሳ አስተኛችውና እንደገና አየች። ዕዝራ ካለፈው ጊዜ አልጨመረም። ነርሷ እናትየዋ በደንብ እንድትበላ፣ ብዙ ውኃ እንድትጠጣ ነግራ ቅዳሜ መልሳችሁ አምጡት አለች። ያን ጊዜም ካልጨመረ ሐኪሙ ራሱ ያየዋል። ወርቅውሃ እሺ አለች። አብርሆት የእናቷን ፊት አየችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ ፈራች።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ጎረቤታቸው ሙፈሪሓት መጣች። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለነበር እሷም ጾመኛ ናት። ሁዳዴ መሆኑን ስለምታውቅ ለአብርሆት የምስር ሳምቡሳ ይዛላታለች። ሳህኑን አስቀምጣ ዞር ስትል ወርቅውሃን አየቻትና ቀጥ ብላ ቆመች።

"ወርቄ፣ ፊትሽ ምነው? እየጾምሽ ነው እንዴ?"

ወርቅውሃ ዕዝራን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"ይሄን ጨቅላ ይዘሽ? እኔ ዓሪፋን ሳጠባ አልጾምኩም እኮ። አላህ ትቶልኝ፣ በኋላ በሌላ ጊዜ ጾምኩት። አንቺን ማን ጹሚ አለሽ?"

አብርሆት ሳምቡሳውን ነክሳ ነበር። ማኘኳን አቆመች። ማን እንዳላት እሷ ታውቃለች። እናቷ አሁን ስሟን ትጠራለች ብላ ጠበቀች፤ ሙሉ ስሟን።

"ማንም አላለኝም" አለች ወርቅውሃ። "በራሴ ነው።"

ልጆች፣ እናቷ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ቁጣ አልቅሰው የሚገላገሉት ነገር ነው። አብርሆት ሳምቡሳውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ቦርሳዋን ዘቅዝቃ መጽሐፉን አወጣችና ያቆመችበትን ገጽ ጨርሳ ገለጠች።

የሚቀጥለው ገጽ እንዲህ ይላል። ሳምንቱ ሲያልፍ እናትየዋ ስቧ ያልቅባታል። ስለዚህ ደቦሏን ድንጋዩ ላይ ትታ ወደ ባሕር ትገባለች። ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ እያሳደደች ትበላለች። የምትበላው ወተት እንዲኖራት ነው። እሷ እስክትመለስ ድረስ አፉን ዘግቶ የሚቆየው ደቦሉ ነው። ስትመለስ በዳርቻው ላይ መቶ ደቦሎች ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ጥቁሮች፣ ሁሉም ጯሂዎች ናቸው። እናትየዋ በራሷ ድምፅ ትጣራለች። ከመቶው አንዱ፣ የእሷው፣ ይመልስላታል። ተጠጋግተው ይሸታተታሉ፤ ከዚያ ታጠባዋለች። አብርሆት ለአፍታ ኀዘኗን ረስታ በዚህ ተገረመች። ዕዝራስ ድምፃችንን ይለየን ይሆን ብላ አሰበች። ከገጹ ግርጌ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷት ነበር። ዓሣ የጠፋ ዓመት እናትየዋ በቂ ምግብ ካላገኘች ወተቷ ያንሳል፣ ደቦሉም ይከሳል ይላል።

ከግድግዳው ማዶ ዕዝራ እያለቀሰ ነበር።

አብርሆት መጽሐፉን እንደያዘች ወጣች። ሙፈሪሓት ሄዳለች። እናቷ ፊት ቆማ እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ተናዘዘች። ግማሹን ብቻ እንዳነበበች፣ ሰው እንዲያጨበጭብላት ብላ እናቷን እንዳሳጣቻት፣ ዕዝራ የከሳው በእሷ አፍ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ገጹን በእንግሊዝኛ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችላት። ወርቅውሃ አንድም ቃል ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ እንባዋን ጠረገችላት።

"እንስሳዋ አልጾመችም እኮ አቢዬ" አለቻት። "የራባት ደቦሏን ትታ መሄድ ስላልቻለች ነው። ሰው ነው ለእግዚአብሔር ብሎ የሚጾም። እኔም የጾምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሰው ዓይን ብዬ ነው የተራብኩት። አንቺ ብቻ አይደለሽም ያጠፋሽው።"

የዚያን ቀን ማታ ሦስት እንቁላል የቀቀለችው አብርሆት ናት። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ስላልጠየቀች ድንጋይ እስኪሆን ቀቀለችው። ወርቅውሃ ሦስቱንም በላች፤ ውኃም ጠጣች። ንጉሡ ሲገባ ሁሉም ተነገረው። ብዙ አልተናገረም። በአዳራሽ የተናገርሽውን በአዳራሽ መልሺው አላት። ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ዕዝራን መዘነችውና ፈገግ አለች፤ ብዙ ባይሆንም ጨምሯል።

በማግስቱ እሑድ ድልድዩን ሲሻገሩ አብርሆት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ጥፋትን ለእናት መናዘዝ ይከብዳል፤ ባጨበጨበ ሰው ፊት መናዘዝ ግን ከዚያም ይብሳል። ማቲ እንደሚሥቅ ታውቃለች። እናቷ ደክሞሽ ከሆነ ይቅርብሽ ብላት ነበር፤ ንጉሡ ግን በመኪናው መስታወት አያት። አብርሆት ራሷ ናት አይሆንም፣ እናገራለሁ ያለችው።

ከቅዳሴ በኋላ መምህር ለገሰ ወንበር አቀረቡላት። አልወጣችበትም፤ መሬት ላይ ቆመች።

"ባለፈው ግማሹን ነው የነገርኳችሁ" አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ነገረቻቸው፤ ወደ ባሕር ስለምትገባው እናት፣ ስለምትበላው ዓሣ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለሚከሳው ደቦል። "እናቴ የምትበላው ለወንድሜ ነው። የንስሐ አባታችንም ፈቅደውላታል። እኔ ግን በእናንተ ፊት አዋረድኳት። ይቅርታ አድርጉልኝ። ማሚ፣ ይቅርታ።"

ማንም አላጨበጨበም፤ ማቲም አልሣቀም። መምህር ለገሰ ተነሥተው ያን ቀን መናገር ሲገባቸው ያልተናገሩትን ተናገሩ። ለምታጠባ እናትና ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝን፣ ማንም በዚህ ሊያፍር እንደማይገባ አስረዱ፤ በመዘግየታቸውም እሳቸው ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁ።

ሰው ወደ ማዕድ ሲነሣ አንዲት ወጣት ሴት ወደ አብርሆት ቀስ ብላ መጣች። አብርሆት አይታት አታውቅም። ኤልሳቤጥ ትባላለች። ከኢትዮጵያ ከመጣች ገና ዓመት ተኩል ነው፤ እዚያው አሌክሳንድሪያ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ እዚህ አገር እናት የላት፣ እህት የላት። በክንዷ ላይ አንዲት ትንሽ ሕፃን ታቅፋለች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ያን ቀን ከኋላ ተቀምጬ ነበር" አለቻት። "እንስሳ እንኳን ወልዳ ከጾመች እኔ ምን ሆኜ ነው ብዬ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመስኩም። ወተቴ አንሷል። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። እስኪ ሁለተኛውን ገጽ ድገሚልኝ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። አብርሆት የጎዳችው እናቷንና ወንድሟን ብቻ መስሏት ነበር። የማታውቃት ሴት፣ የማታውቃት ሕፃን፣ በእሷ ግማሽ ገጽ ሁለት ሳምንት ተርበዋል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሁለተኛውን ገጽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳትዘል፣ ቀስ ብላ ደገመችላት።

ወርቅውሃ ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ከቦርሳዋ የውኃ ጠርሙሷን አወጣችና ለኤልሳቤጥ ሰጠቻት። ኤልሳቤጥ ዙሪያውን አየች፤ ሰው ሁሉ እያያት ነው። አብርሆት ሕፃኗን ተቀበለቻት። ኤልሳቤጥም በሁሉም ፊት፣ እንደቆመች፣ ጠርሙሱን እስከ ግርጌው ጠጣችው።

ልጆች፣ ጾም የሌላውን ሰው ሳህን ለማየት ሳይሆን የራሳችንን አፍ ለመጠበቅ ነውና፣ ግማሹን ብቻ አውቀን በማንም ላይ አንፍረድ።